ጎርሳለች፤ አትንኳት

አክስቴ ስፒል ጠፍቶባት አያውቅም። የሠፈሩ ሴት ሁሉ ይህን ያውቃል። ደንበኛ መስተዋቱ ፊት ቆማ፣ አክስቴ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ ስትሰካ፣ ከስፒል ትራሷ ላይ ሃያ ከተነሣ ሃያው እስኪመለስ ከበሩ የሚወጣ የለም። አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ ሥራ ረፍዶባት እየተቁነጠነጠች፣ አክስቴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወለሉን በመዳፏ ስትዳብስ አይቻለሁ።

«እህቴ፣ ስፒል እኮ ነው፤ ቦምብ አይደለም» አለቻት ነርሷ።

«ቦምብማ ሲፈነዳ ይሰማል» አለች አክስቴ ቀና ሳትል። «ስፒል ድምፅ የለውም።»

ስፒሉ የተገኘው ከነርሷ ጫማ ሥር ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከእሷ ጋር መኖር ስለ ጀመርኩ ፍርሃቷን ሁሉ በዝርዝር አውቀዋለሁ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ጥግ ላይ ትቆምና «ካውያውን ነቅያለሁ?» ትላለች። ነቅላለች፤ ግን ተመልሰን እናያለን። በልብስ ላይ መቀስ ከማሳረፏ በፊት ልኩን ሦስት ጊዜ ትወስዳለች፤ እሷ በሜትር ትለካለች፣ እኔ ደብተር ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ፤ «ወገብ ሰባ ስድስት፤ ጻፊ» ትለኛለች። «የተቀደደ ይሰፋል፣ የተቆረጠ ግን አይቀጠልም» የምትለው አነጋገር አላት። ሠላሳ ዓመት በዚች የፊት ክፍል ውስጥ ሴቶችን ለሠርግ፣ ለሥራ፣ ለቀብር አልብሳለች፤ አንዲትም ሴት ተወግታ አልወጣችም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋና የመቁረጫው ጠረጴዛ አሉ። መሐል ላይ የአያቴ አጭር ቁምሳጥን ክፍሏን ለሁለት ከፍሎ ቆሟል፤ ከወዲያ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ይቀመጣሉ፣ ከወዲህ ልብስ ይቀየራል። የቁምሳጥኑ ቁመት ከእኔ ትከሻ አይበልጥም። ጠባብ ጎኑ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቁ መስተዋት አለ። ልብስ የምትለካ ሴት የምትቆመው በዚያ በቁምሳጥኑ ጎንና በመስተዋቱ መካከል ነው።

ቁምሳጥኑ ላይ ከጨርቅ ጥቅሎች ሥር፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ሁለት ጠመንጃዎች ተኝተው ነበር።

አያቴ፣ የአክስቴ አባት፣ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። ሚስታቸው፣ ሴት አያቴ፣ ግን የጠመንጃ ስም በቤቷ እንዲጠራ አትፈቅድም ነበር። ስለዚህ እሳቸው ሁለቱን በስም ጠርተዋቸው አያውቁም። ባለ አንድ አፏን «ረጅሟ» ይሏታል። ባለ ሁለት አፏን፣ የሚወዷትን፣ «እሷ» ብቻ። «እሷን ይዤ ወጣ ልበል» ሲሉ፣ ሚስታቸው «ከእሷ ጋር እዚያው እደር» ትላቸው ነበር ይባላል። ሚስታቸው ሞተች፤ እሳቸውም አደኑን ተዉት። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀመጡ።

አክስቴ ስትሠራ ስፒሎቿን በከንፈሯ ትይዛለች። ደንበኛ አንድ ነገር ስትጠይቃት መመለስ አትችልም። ያን ጊዜ አያቴ ከጋዜጣቸው ጀርባ ሆነው «ጎርሳለች፤ አታናግሯት» ይላሉ። ሴቶቹ ይስቃሉ። ቀልዱ በየቀኑ አንድ ነው፤ ሳቁም በየቀኑ አንድ ነው። አክስቴ ብቻ አትስቅም፤ ብትስቅ ትውጣለች።

ከአሥር ወር በፊት አያቴ አልጋ ያዙ። በመጨረሻው ጠዋት አክስቴ ሾርባ ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣ «አባባ፣ አንዲት ማንኪያ ብቻ ጉረስልኝ» እያለች ትለምናቸዋለች፤ አጎቴና እኔ እግራቸው ሥር ቆመናል። አያቴ ማንኪያዋን ገፉ። ፊታቸውን ወደ ፊት ክፍሉ መለሱ። ጣታቸውን አነሡና በጣም ጥርት ባለ ድምፅ «ጎርሳለች፤ አትንኳት» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

አክስቴ በለቅሶው ሁሉ ይህን ስታወራ ከረመች። «እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ ስለ ስፒሌ ይቀልዳል፤ ልጄን አስቸግራችሁ እንዳትነኳት ማለቱ ነው» እያለች ታለቅሳለች። አጎቴ ግን የራሱ ትርጉም ነበረው። አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጓደኞቹ «ፍሬን የለሽ» ይሉታል፤ በመንገድ ላይ ሳይሆን በአፉ።

«ድንቄም ስፒል!» ይላታል። «አባባ ስለ ውርስ ነው የተናገረው። ጎርሳለች ማለት፣ ቤቱን ወስዳለች፣ ድርሻዋን በልታለች ማለት ነው።»

«አትንኳት የሚለውንስ ምን ልታደርገው ነው?»

«እሱማ አዘነልሽ።»

ግማሹ ቀልድ ነበር። ግማሹ ግን አልነበረም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ያች ቃል እንዲህ ስትጎተት አሥር ወር ሆናት። አንድ ሰኞ ጠዋት ከአካባቢው ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት በበሩ ሥር ገባ። የአደን ጠመንጃ የወረሰ ሁሉ እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ያስመዝግብ ይላል፤ ዓይነቱ፣ የተሠራበት ቦታ፣ ቁጥሩ፣ የአፉ ስፋት፣ አሁን ያለበት ሁኔታ። ያላስመዘገበ በሕግ ይጠየቃል። አክስቴ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያ ካውያውን ነቀለችው፤ ከዚያ ተቀመጠች።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ» አለች። «እኔ ደግሞ የፈራሁትን ራሱን ወረስኩት።»

ማክሰኞ አጎቴ መጥቶ ጥቅሉን አወረደ። «ረጅሟ» አላስቸገረችም። እጀታዋን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ሳባት፤ ሆዷ ተከፈተ፤ በመስኮቱ ብርሃን አየናት፤ ባዶ ናት። ቁጥሯም ጎኗ ላይ ተቀርጿል፤ ጻፍኩት። አክስቴ ትንፋሿን ለቀቀች።

«እሷ» ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። አጠር ያለች፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተጣበቁላት፣ ብረቷ ላይ ቅጠልና ወፍ የተቀረጸባት። ውበቷን ሳይ ደነገጥኩ፤ አንድ ሰው በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብሎ የዚያችን ወፍ ላባ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሠርቷል፤ ለምን? ወፍ በምትገድል ብረት ላይ። ቁጥር ግን የትም የለም። አጎቴ ከላይ ያለችውን የመክፈቻ ምላስ በአውራ ጣቱ ገፋት፤ አልነቃነቅ አለች።

«ቁጥሩ ከውስጥ ነው የሚሆነው» አለ። «ዝጋለች። ዘይት ነው የሚያስፈልጋት።»

«ባዶ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«አንቺ ደግሞ! አንዷ ባዶ ከሆነች ሌላዋ ምን ትሆናለች? አባባ ጠንቃቃ ሰው አልነበረም እንዴ? አንቺ የማን ልጅ ነሽና ነው?»

 አክስቴ ብርድ ልብሱን አንሥታ ሰጠችው። «መልሳት፤ እንደ ነበረች አድርገህ መልሳት» አለችው። መለሳት። በዚያ ቀን አክስቴ ሁለት እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ፈታች፤ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

ረቡዕ ጠዋት ስነቃ አክስቴ ቀድማ ተነሥታለች። የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ቡናማ ወረቀት በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ «እሷን» በላዩ አጋድማ፣ በጠመኔ ዙሪያዋን ታሰምራለች። ጣቷን ከምላጮቹ በጣም አርቃ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ነበር የምትዞራት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልክ እየወሰድኩ። ይቺን ተሸክሜ መንገድ አልወጣም። አንድ ጠመንጃ ጠጋኝ ሽማግሌ አሉ፤ ቅዷን አይተው ይንገሩን።»

ከዚያ በብረቷ ላይ ባሉት ጽሑፎችና ጥቃቅን ማኅተሞች ላይ ስስ ወረቀት አድርጋ በጠመኔ አሸችው፤ ፊደሉም ማኅተሙም ወፉም ወረቀቱ ላይ ብቅ አሉ። የአፏን ስፋት በሜትሯ ለካችው። «ቀኙ አንድ ሴንቲ ሜትር ከስምንት ሚሊ ተኩል፣ ግራው ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ጻፊ።» ጻፍኩ። በቅዱ ላይ ደግሞ በሥራዋ ልማድ የየክፍሉን ስም ጽፋለች፤ ሰደፉን «ትከሻ»፣ አፈሙዙን «እጅጌ»፣ መክፈቻው ያለበትን «ወገብ» ብላዋለች።

አጎቴ መኪናው ጥገና ገብታበት ስለ ነበር ቤቱን እንዲጠብቅ ጠራነው። ነርሷ የሥራ ልብሷን ልትወስድ ትመጣለችና የሚከፍትላት ሰው ያስፈልጋል። ጠመንጃዋ ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣችም፤ አክስቴ ብርድ ልብሱን አለበሰቻት።

«ወንድሜ፣ አትንካት» አለችው በሩ ላይ።

«እሺ እመቤቴ።»

«እውነቴን ነው።»

«እሺ አልኩ እኮ! ሂጂ፤ ካውያውንም ነቅለሻል።»

ጠመንጃ ጠጋኙ የሚሠሩት ከብስክሌት መጠገኛ ቤት ጀርባ፣ አንድ ሰው ገብቶ ሁለተኛው ውጭ በሚጠብቅበት ጠባብ ክፍል ነው። ሽማግሌው በሥራ ብዛት፣ ማለትም በተኩስ ብዛት፣ ጆሯቸው ደክሟል፤ ሰው በሌሉበት «ጆሮ ዳባ» ይላቸዋል። አክስቴ ይህን አታውቅም ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዙሪያዋን እያየች፣ «ጋሼ፣ የአባቴ ጠመንጃ ነበረች» አለች።

«ምን?»

«የአባቴ ጠመንጃ…»

«ማን ጠንቋይ?»

«የአባቴ ጠመንጃ!» ብላ ጮኸች። የብስክሌት ጠጋኞቹ ሁሉ ዞረው አዩን። አክስቴ በላብ ራሰች።

ቅዱን ስትዘረጋላቸው ግን ሽማግሌው ሌላ ሰው ሆኑ። መነጽራቸውን አወረዱ፤ ወረቀቱን በመዳፋቸው እንደ ሐር አለሰለሱት። «ይህን ማን ሣለው?» አሉ። «እኔ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ።» «ምን?» «ልብስ ሰፊ!» «ይታያል፤ ትከሻ ብለሽዋል» ብለው ሳቁ። «ግን ትክክል ነሽ። ትከሻ ነው የሚያርፈው።»

ከዚያ ወረቀቱን ያነቡልን ጀመር። ልክ እንደ ደብዳቤ። የአፏ ስፋት «አሥራ ሁለት» የሚባለው ነው አሉ። ሚሊ ሜትር አይደለም፤ ድሮ አንድ ፓውንድ እርሳስ ለአሥራ ሁለት እኩል ድቡልቡል ሲከፈል፣ አንዷ ድቡልቡል በዚህ አፍ ልክክ ብላ ስለምትገባ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፉ ይሰፋል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ አንድ ሰው ቀዳዳ በክብደት መለካቱ፣ ያም ልኬት በአክስቴ ቤት ቁምሳጥን ላይ ተኝቶ መኖሩ! ግራውና ቀኙ አፍ ጫፍ ላይ እኩል እንዳልሆኑም ከአክስቴ ልኬት አገኙት፤ ግራው ጠበብ ያለ ነው፣ ራቅ ላለ ወፍ።

«እነዚህ ማኅተሞችስ?» ብዬ ጮህኩ።

«ፈተና ያለፈችበት ነው። ከመሸጧ በፊት ከልኳ በላይ ባሩድ አጉርሰው ይተኩሷታል። ሳትሰነጠቅ ከወጣች ማኅተም ይመቱባታል።» ጣታቸውን ከማኅተሙ ላይ አነሡና ወደ አክስቴ ዞሩ። «ለመሆኑ አሁን ጎርሳለች?»



ጆሯቸው የደከመ ሰዎች ዝምታን አይለዩትም፤ ደገሙት። «እሷ፤ ጎርሳለች ወይ? ጥይት አላት?»

የአክስቴ ፊት ቀለም ሲለቅ አየሁ፤ በአንድ እጥበት እንደሚለቅ ርካሽ ጨርቅ። 

«አባባ» አለች።

ለእኔም ያኔ ገባኝ። ጣታቸው ወደ ፊት ክፍሉ ነበር የጠቆመው። አክስቴ ግን አጠገባቸው ነበር የተቀመጠችው፤ እጇ ላይ ማንኪያ እንጂ ስፒል አልነበረም። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጠመንጃ አፍ እንዳለው፣ እንደሚጎርስ፣ እንደሚተፋ የማያውቅ ሰው የለም። ግን በዚያ ቤት «ጎርሳለች» የአክስቴ ነበር። «እሷ» ማን እንደ ነበረች ረስተን፣ ሟቹ በቀረቻቸው የሁለት ቃል ትንፋሽ የተዉልንን ማስጠንቀቂያ፣ አንዳችን ለእንባ፣ አንዳችን ለጠብ አደረግነው።

«አሁን ማን አጠገብ ናት?» አሉ ሽማግሌው።

«ወንድሜ…»

«ምን?»

«ወንድሜ! እንዳትነካት ብዬዋለሁ!»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አክስቴ ወደ እኔ አየች። «ፍሬን የለሽ ነው የሚሉት!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው ተነሡ።

ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አያነሣም። እንደገና፤ አያነሣም። ሽማግሌው መሣሪያቸውን በቦርሳ ከተቱ፤ ዘይት ረስተው ተመለሱ፤ የጫማቸው ማሰሪያ ተፈታ፤ አክስቴ ተንበርክካ ራሷ አሰረችላቸው። ታክሲ ያዝን። መንገዱ ተጨናንቋል፤ ከፊታችን አንድ መኪና ፍራሽ ያራግፋል። አክስቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውጥታ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «ዘይት ቀብቶ ሊከፍታት ይችላል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ነርሷ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብላለች» አለች። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሩብ ነው። እጅጌዬን በላዩ ሳብኩት። 

ከበሩ ውጭ ሆነን ድምፁን ሰማነው። ቋ። ቋ። ቋ። ጫማ በብረት ላይ።

ልጮህ ስል አክስቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ከደነገጠ እጁ ይደነግጣል። በሩን እንደ ማንኛውም ቀን ከፈተችው።

አጎቴ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ብርድ ልብሱ ወለል ላይ ወድቋል። በግራ እጁ «እሷን» ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ፣ በቀኝ እጁ አንድ ጫማውን ይዞ በተረከዙ የመክፈቻዋን ምላስ ይመታል፤ ጎኑ ያለው ሬዲዮ ይጮኻል። አፈሙዞቹ ወደ መስተዋቱ ያያሉ። መስተዋቱ ፊት ደግሞ ነርሷ አዲሱን ነጭ ልብሷን ለብሳ ቆማ፣ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጀርባዋን ለማየት ትዞራለች።

«መጣችሁ!» አለ አጎቴ። «ዘይት ጠጥታለች፤ ልትከፈት ምንም አልቀራትም…»

አክስቴ እሱን አላየችውም። ነርሷን ነበር ያየችው። «እህቴ» አለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ «እስቲ ወደዚህ ነይ፤ ወገቡን በቀን ብርሃን ልየው።»

«እዚህስ በደንብ ይታየኛል።»

«ነይ ብዬሻለሁ።»

ያን ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ነርሷ መጣች። በዚያች ሦስት እርምጃ ውስጥ ጫማው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ ሽማግሌው እጁን ከላይ ያዙት። ሁልጊዜ የሚጮኹት ሰው በሹክሹክታ ነበር የተናገሩት።

«ልጄ፣ እንዳለህ ቁም።»

«ጋሼ፣ አንድ ምት ነው የቀራት» አለ አጎቴ ከሬዲዮው በላይ እየጮኸ።

«አዎ፤ አንድ ምት ነው የቀራት» አሉ ሽማግሌው።

ጫማውን ከእጁ ወሰዱ። ሬዲዮውን ዘጋሁት። ሽማግሌው «እሷን» አነሧትና አፈሙዟን ወደ ወለሉ ባዶ ጥግ መለሱ። ሁላችንንም ከኋላቸው አቆሙን። መዶሻዎቿ ከሆዷ ውስጥ ስለሆኑ ተወጥራ ትሁን አትሁን ከውጭ አይታወቅም አሉን። ምላሷን በአውራ ጣታቸው ያዙ፤ አልመቷትም፣ አልገፏትም፤ ጫን ብለው ብቻ ጠበቁ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። የነርሷ አዲስ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ከዚያ «እሷ» እንደ ሽማግሌ ጉልበት ቋ ብላ ታጠፈች።

የቀኙ አፍ ባዶ ነበር፤ ብርሃን በውስጡ ዘልቆ ታየ። በግራው ግን ብርሃን አልነበረም። በቦታው አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ የነሐስ ክብ ቁጭ ብሏል።

«ጎርሳለች» አሉ ሽማግሌው።

ማንም አልሳቀም። አጎቴ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ተቀመጠ። ነርሷ አንዴ መስተዋቱን፣ አንዴ ጠመንጃዋን አየችና ያለ ምንም ድምፅ ማልቀስ ጀመረች። አክስቴ ውኃ አመጣችላት።

ጥይቷ የወረቀት ቀለህ ያላት፣ የድሮ ናት አሉ ሽማግሌው። እርጥበት ሲያገኛት ታብጣ ተጣብቃለች፤ አልተመታችም፣ ስለዚህ አልሞተችም። ጠመንጃዋ ከተከፈተች በኋላ ግን አትነክስም። ዘይት በጥይቷ ዙሪያ አንጠባጥበው እስክትጠጣው ድረስ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወንበሩ የአያቴ ነበር። ያበጠችውን የወረቀት ጥይት ሲያዩ ቆይተው ድንገት «ቆይ» አሉ። «አባትሽ ጋዜጣ በብብቱ የሚይዝ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነበር?»

«አዎ!» ብላ ጮኸች አክስቴ።

«ከብዙ ዓመት በፊት መጥቶብኛል። የወረቀት ጥይት አፏ ውስጥ ካበጠ እንዴት ይወጣል ብሎ ጠየቀኝ። አምጣት አልኩት። የእኔ አይደለችም፣ የአንድ ጓደኛዬ ናት አለ። እንግዲያው ጓደኛህ ያምጣት አልኩት።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሄደ። አልተመለሰም። አዳኝ ሰው ጥይት አፏ ውስጥ ረስቼ አስቀመጥኩ ብሎ እንዴት ይናገር? ከእኛ መካከል የሚናገር የለም።»

አክስቴ ያን ጊዜ ስለ አባቷ ያሰበችውን አላውቅም። ሃያ ዓመት በሩ አጠገብ የተቀመጡት ጋዜጣ ሊያነብቡ ይሁን፣ ወይም «እሷን» ሊጠብቁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እጠይቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው የቀለሁን ጠርዝ በቀጭን መሣሪያ ይዘው፣ በየጥቂቱ እያዞሩ አወጡት። በመዳፋቸው ላይ ሲያስቀምጡት ትንሽ ነበር፤ የአንድ ክር ጥቅል የሚያህል። ቁጥሯም ከአፈሙዙ ሥር፣ ከውስጥ ተገኘ። ጻፍኩት። ጥይቷን በዘይት ጠርሙስ ከትተው ይዘው ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት አክስቴ «ረጅሟንም» እንዲከፍቱላት ለመነቻቸው። ባዶ ናት ብለናታል፤ ይሁን። ከፈቱላት። ዘግተው ሲያበቁ እንደገና አስከፈተቻቸው።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አጎቴ ቆይቶ ቀረ። «እህቴ» አለ፤ «ጎርሰሻል ያልኩሽን…» አልጨረሰውም።

«ተወው» አለች። የቁምሳጥኑን አናት እያየች ነበር። የጨርቅ ጥቅሎቹን አነሣች። በእንጨቱ ላይ፣ ወደ መስተዋቱ በሚያየው ጠርዝ፣ የዘይት እድፍ ነበር፤ ጎን ለጎን ሁለት ክብ፣ «እሷ» አፈሙዟን ያሳረፈችበት የዓመታት እድፍ። ከእድፉ ወደ መስተዋቱ አየች። ከዚያ «ነይ፣ ቁሚ» አለችኝ።

ባለፈው ወር ለምርቃቴ ልብስ ልኬን የሰጠሁበት ቦታ ላይ ቆምኩ። የሜትሯን ጫፍ በግራው እድፍ ላይ አድርጋ እየዘረጋች መጣች። ሜትሩ እየተወዛወዘ መጥቶ አንገቴ ሥር፣ አንገትጌ በሚያርፍበት ቦታ ቆመ። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር።

«ዘጠና ሁለት» አለች።  «ጻፊ።»

ደብተሩን ከፈትኩ። ከእኔ ገጽ በፊት የሌሎች ሴቶች ገጾች ነበሩ፤ ወገብ፣ ደረት፣ ትከሻ፤ ሁሉም እዚህ የቆሙ። ዘጠና ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላወቅሁም።

ዓርብ ከቀትር በፊት ጽሕፈት ቤቱ ሄደን አስመዘገብን። ሁኔታ በሚለው ቦታ «ባዶ» ብለን ጻፍን፤ ለሁለቱም። ጸሐፊው «ባዶ ማለት ምን ማለት ነው? ይሠራል ወይስ አይሠራም ነው የምለው» አላት። አክስቴ «ባዶ ናቸው» አለችው። ብዙ አልተከራከራትም፤ ማኅተሙን መታ። ጥግ ላይ ስንደርስ ቆመች። ስለ ካውያው ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ሁለቱንም አይተናል?» አለች። አይተናል አልኳት። ተመልሰን አየን።

መስተዋቱ አሁን በሌላው ግድግዳ ላይ ነው፤ ብርሃን በደንብ በማይደርስበት። ደንበኞች ያጉረመርማሉ። በቀደም ለታ አንዲት አስተማሪ ቀሚስ ስትለካ «በዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ይታየኛል? መስተዋቱን ለምን አዛወርሽው?» አለቻት። አክስቴ ተንበርክካ ጫፉን ትሰካለች፤ ስፒሎች በከንፈሯ ናቸው። አጎቴ በአያቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አሁን አሁን መኪናው ሥራ ላይ ባልሆነች ቀን ሁሉ ይመጣል። ከልማድ፣ ሳያስብ፣ አፉን ከፈተ፤

«ጎርሳለች…»

እዚያ ላይ ቀረ። አስተማሪዋ ቀልዱን እየጠበቀች ፈገግ አለች። አክስቴ ቀና አላለችም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ ወደ መዳፏ አወጣች፤ ቆጠረቻቸው፤ ሁሉም ነበሩ።

«አልጎረስኩም» አለች። «ጠይቂኝ።»